የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ደመወዝ በተለያዩ አገሮች፦ ከድሬዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የማስተምራቸው ወጣቶችና ወላጆቻቸው ደጋግመው የሚያነሡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስከትዬ መልሻቸዋለሁ፤ «በእኛ አቆጣጠር» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲባል ማን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ቺፕ (የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አእምሮ የሆነው ትንሽ ክፍል) የሚሠራበትንና ስልክ የሚገጣጠምበትን ፋብሪካ አንድ አድርጎ ያያል፤ የደመወዝ ወሬ የሚምታታውም ከዚህ ጀምሮ ነው። ቺፕ የሚሠራበት ቤት ማሽኑ እጅግ ውድ፣ ሠራተኛው ጥቂትና የተማረ፣ ደመወዙም ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛው ቺፑና ሌሎቹ ክፍሎች በቦርድ፣ ማለትም እርስ በርስ በሚያገናኛቸው ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ ላይ የሚቀመጡበት መስመር ነው። ሦስተኛው ቦርዱ፣ ባትሪው፣ ስክሪኑና ሽፋኑ ተገጣጥመው፣ ተፈትሸው፣ ካርቶን ውስጥ የሚገቡበት ነው፤ ብዙ እጅ የሚፈልገውም፣ ዝቅ ያለ ደመወዝ የሚከፈልበትም ይኸኛው ነው።

ሁለተኛውን መስመር ቀረብ ብሎ ላየው ልዩነቱ ይገባዋል። ርዝመታቸው 0.4፣ ወርዳቸው 0.2 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ በጣት ሊያዙ የማይችሉ ሬዚስተሮችን (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገድቡ ክፍሎችን) ማሽን በቦርዱ ላይ ይደረድራል። ኦፕሬተሯ ማሽኑን በጥቅል ሬዚስተር ትመግበዋለች፤ ሌላዋ በማጉያ መነጽር እያየች የተጣመመውን ትለያለች፤ ሦስተኛዋ በሶልደር፣ ክፍሉን ከቦርዱ ጋር በሚያጣብቀው የቀለጠ ብረት፣ ታስተካክላለች፤ ማሽኑ ሲቆም ደግሞ ቴክኒሻኑ ይጠራል። አራቱ አንድ ጣሪያ ሥር ቢውሉም ደመወዛቸው እኩል አይደለም። ስለዚህ «ቻይና ያለ ሠራተኛ ስንት ያገኛል?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ «የትኛው ሠራተኛ?» የሚል ነው።

ከአገር አገር ያለው ልዩነት ምን ያህል ነው?

በጣም ሰፊ ነው። ለማነጻጸር የሚቀለው በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ነው፤ የመገጣጠሚያ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ብዙ ጊዜ ከዚህ ወለል እምብዛም አይርቅምና። በ2025 በቻይና የሸንዘን ከተማ ወለል በወር 2,520 ዩዋን ነበር፤ ይህም 350 ዶላር ገደማ ነው። በማሌዥያ በዚያው ዓመት 1,700 ሪንጊት ሆነ፣ ወደ 400 ዶላር የሚጠጋ። በቬትናም ከፍተኛ ወለል ባለው ክልል 4,960,000 ዶንግ ነበር፣ ከ200 ዶላር ትንሽ ያነሰ። በታይዋን 28,590 የታይዋን ዶላር፣ በአሜሪካ ዶላር ከ900 በላይ ነበር። በደቡብ ኮርያ የሚወሰነው በሰዓት ሲሆን 10,030 ዎን ነበር፤ በወር ሲሰላ ከ2 ሚሊዮን ዎን ይበልጣል። ጀርመንም በሰዓት 12.82 ዩሮ ብላ ነበር።

በእነዚህ አገሮች ውስጥም ቢሆን «የአገሪቱ ደመወዝ» የሚባል አንድ ቁጥር ሁልጊዜ አይገኝም። ቻይና ወለሉን በየክፍለ ሀገሩና በየከተማው ትወስናለች። ቬትናም አገሪቱን በአራት ክልል ከፍላ ታወጣለች። ህንድ ውስጥ እያንዳንዱ ክልላዊ መንግሥት እንደ ሥራው ዓይነትና እንደ ሙያው ደረጃ የተለያየ ወለል አለው።

ባለፉት ዓመታት ደመወዙ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል?

በገንዘቡ መጠን ከታየ በዋና ዋናዎቹ አምራች አገሮች ሁሉ ጨምሯል፤ አካሄዱ ግን በየአገሩ ይለያያል። የሸንዘንን እንይ። በ2010 ወለሉ 1,100 ዩዋን ነበር፤ በ2015 ደግሞ 2,030 ደረሰ። በአምስት ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ 2,520 ለመድረስ አሥር ዓመት ፈጀበት። የቻይናን ደመወዝ ዛሬም «እንደ እሳት እየጨመረ ነው» የሚሉ ሰዎች የሚያወሩት ስለ መጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው።

ሜክሲኮ የተገላቢጦሽ ናት። ለረጅም ዓመታት ወለሉ ተኝቶ ኖረ፤ በ2018 በቀን 88.36 ፔሶ ነበር። በ2019 ከአሜሪካ ጋር በሚያዋስነው ሰሜናዊ ቀጠና፣ ቲኋናና ሲውዳድ ኋሬዝን የመሳሰሉ የቴሌቪዥንና የቦርድ መገጣጠሚያ ከተሞች ባሉበት፣ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆኖ 176.72 ፔሶ ገባ፤ በ2025 ደግሞ 419.88 ደረሰ። «ወለሉ ከጨመረ ፋብሪካው ይሸሻል» የሚለው ፍርሃት ሁልጊዜ እንደማይሠራ ያየሁት በዚህ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ ቅርብ መሆን ራሱ ዋጋ አለውና ፋብሪካዎቹ ድንበሩን ለቀው አልሄዱም።

ማሌዥያ እስከ 2013 ድረስ አገር አቀፍ ወለል አልነበራትም፤ በ900 ሪንጊት ጀምራ በአሥራ ሁለት ዓመት 1,700 አድርሳዋለች። ቬትናምም ሳምሰንግ ባክ ኒንና ታይ ንጉየን ላይ ትልልቅ ፋብሪካዎቹን ከተከለ ወዲህ ወለሏን ደረጃ በደረጃ ስታሳድግ ቆይታለች።

ደመወዝን የሚያሳድገው ምንድን ነው?

የፋብሪካ ባለቤት ቸርነት እንዳልሆነ ታሪኩ በግልጽ ያሳያል። ከድሬዳዋ የገበያ ስፍራዎች አንዱን «ታይዋን» ብለን መጥራት ከጀመርን ብዙ ጊዜ ሆኖናል፤ እውነተኛዋ ታይዋን ግን በ1966 ካኦሹንግ ወደብ ላይ የኤክስፖርት ማምረቻ ቀጠና ስትከፍት ያቀረበችው ርካሽ ጉልበት ነበር። ደቡብ ኮርያ በ1970 ማሳን ላይ፣ ማሌዥያ በ1972 ፔናንግ ባያን ሌፓስ ላይ፣ ቻይና በ1980 ሸንዘን ላይ ተመሳሳይ መንገድ ያዙ። በሁሉም መስመሩ ላይ የተቀመጡት ባብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች ደመወዙን ገፉት። አንደኛው ከገጠር የሚመጣው ጉልበት እያነሰ መሄዱ ነው፤ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲያጣ ለመሳብ ይጨምራል። ሁለተኛው የሠራተኛው ድምፅ ነው። በኮርያ ደመወዝ በፍጥነት የተነሣው ከ1987ቱ ታላቅ የሠራተኞች ንቅናቄ በኋላ ነው። በሸንዘንም በ2010 ለሌሎች ኩባንያዎች ስልክ በሚገጣጥመው ፎክስኮን ውስጥ ወጣት ሠራተኞች በተከታታይ ራሳቸውን ካጠፉና ዓለም ሁሉ ፊቱን ወደዚያ ካዞረ በኋላ፣ ኩባንያው የ900 ዩዋን መነሻውን ወደ 1,200 ከፍ አደረገ። ይህን ሁልጊዜ በሐዘን አነሣዋለሁ፤ እነዚያ ልጆች ዕድሜያቸው አሁን ከማስተምራቸው ልጆች ዕድሜ አይለይም ነበር።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ አገሩ የሚሠራው ሥራ መለወጡ ነው። ፔናንግ የአሜሪካውን ቺፕ አምራች ኢንቴልን በ1972 የተቀበለችው ለመገጣጠም ነበር፤ ዛሬ ቺፕ መፈተሽና ንድፍ ማውጣትም እዚያ ይሠራል። ታይዋን ከሬዲዮ መገጣጠም ተነሥታ ቺፕ ማምረት ላይ ደረሰች። መገጣጠም ላይ ብቻ የቀረ አገር ደመወዙ የቱንም ያህል ቢገፋ ጣሪያው ቅርብ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አለ?

ለግል ድርጅት ሠራተኛ በቁጥር ተወስኖ በሥራ ላይ የዋለ ወለል የለም። በእኛ አቆጣጠር በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ወለሉን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል፤ ቁጥሩ ግን አልወጣም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከመስከረም 2018 (በእኛ አቆጣጠር) ጀምሮ ዝቅተኛው መነሻ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ይህ ግን ፋብሪካን አያስገድድም።

ወለል በሌለበት አገር የአንድ ወጣት ወለል የሚሆነው የቅጥር ውሉ ነው። ውሉ ላይ «ደመወዝ» የሚለው መሥመር ስንት እንደሚል፣ ምሳና ሰርቪስ ከእሱ ውጭ መሆን አለመሆናቸው ሳይነበብ መፈረም የለበትም።

የቻይና ሠራተኛ በወር ብዙ የሚያገኘው በትርፍ ሰዓት ነው ይባላል፤ እውነት ነው? የእኛስ እንዴት ይሰላል?

እውነት ነው፤ በይነመረብ ላይ የሚዘዋወሩት ትልልቅ ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ሰዓትን ይጨምራሉ። በቻይና ሕግ በሥራ ቀን የሚሠራ ትርፍ ሰዓት 150 በመቶ፣ በዕረፍት ቀን 200 በመቶ፣ በበዓል 300 በመቶ ይከፈላል፤ በወር ከ36 ሰዓት መብለጥም አይፈቀድም። የሸንዘንን 2,520 ዩዋን በወር በአማካይ ለሚታሰበው 21.75 የሥራ ቀን፣ ከዚያ ለ8 ሰዓት ብናካፍለው አንዱ ሰዓት 14.48 ዩዋን ይሆናል። 36ቱን ሰዓት በሥራ ቀን የሠራ ሰው ወደ 782 ዩዋን ይጨምርለትና ገቢው 3,300 ይደርሳል። ስልክ በብዛት በሚመረትበት ወቅት የገደቡ መጣስ በተደጋጋሚ ተዘግቧል፤ እንግዲህ «5 ሺህ ዩዋን ያገኛል» ሲባል ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

በእኛ አዋጅ መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው።

ለምሳሌ ያህል 6,000 ብር መነሻ ያላትን ሠራተኛ ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ሰነድ) እናንብብ። ደመወዙ በወር ለ26 የሥራ ቀን፣ ከዚያ ለ8 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 28.85 ብር ነው። ያለ ትርፍ ሰዓት ከሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የግብር ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300፣ ከሦስተኛው 2,000 በ20 በመቶ 400፣ በድምሩ 700 ብር ግብር ይቆረጣል። ለጡረታ 7 በመቶ፣ 420 ብር፣ ይወጣል፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምርላታል። እጇ ላይ የሚገባው 4,880 ብር ነው። በወሩ ውስጥ 48 ሰዓት ትርፍ ቀን ቀን ብትሠራ 2,077 ብር ይጨመራል፤ ከዚህ ጭማሪ ግብሩ ሲቀነስ የሚቀራት ግን 1,608 ብር ገደማ ነው። ይህችን ስሌት ክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ ስሠራት ዝም ብሎ የሚያይ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ሁሉም እርሳሱን ያነሣል።

ልጄ ሴት ናት፤ የሌሊት ፈረቃና ወሊድ እንዴት ነው?

ነፍሰ ጡር ሴትን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም፣ ትርፍ ሰዓት ማሠራትም አዋጁ ይከለክላል። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። መስመሩ ላይ የሚበዙት ሴቶች ስለሆኑ እናቶች ይህን ቀድመው ማወቃቸው ተገቢ ነው።

ዶላር ሲጨምር ደመወዛችን ቀነሰ ማለት ነው?

በዶላር ሲመነዘር አዎን፤ በኑሮ ሲለካ ግን መልሱ በሌላ ሚዛን ላይ ነው። ከጁላይ 29 ቀን 2024 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። 6,000 ብር በመጀመሪያው ሂሳብ 105 ዶላር፣ በሁለተኛው 60 ዶላር ነው። ሠራተኛዋ ዛሬም ያንኑ ቦርድ ትሠራለች፤ ፋብሪካው ግን ዕቃውን በዶላር የሚሸጥ ከሆነ የጉልበት ወጪው በአንድ ጊዜ ቀነሰለት። እንዲህ ያለው ፋብሪካ ደመወዝ ለመጨመር አቅም አነሰኝ ሲል ይህን ሂሳብ ማንሣት ፍትሐዊ ነው።

ስለዚህ ደመወዝ ከአገር አገር ሲነጻጸር ዶላሩን ብቻ ማየት ያሳስታል። በ2019 አንድ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ በወር 26 ዶላር ሆኖ ከዓለም ዝቅተኛው ተብሎ ነበር። ዘርፉ ሌላ ቢሆንም ለእኛ ትምህርቱ አንድ ነው፤ በዚያ ደመወዝ ሁለትና ሦስት ሆኖ ቤት መከራየትና መብላት ስላስቸገረ ብዙዎች ሥራውን ጥለው ወጡ። እኔ ልጆቹን የምጠይቃቸው እንዲህ ብዬ ነው፦ የቤት ኪራይ፣ ጤፍና ዘይት፣ ለቤተሰብ የሚላከው ከወጣ በኋላ ስንት ይቀራል? ለሸንዘኑም ሠራተኛ ጥያቄው ይኸው ነው፤ እሱም ከተማው ውድ ስለሆነ ነው በኩባንያ መኝታ ቤት ከሌሎች ጋር ተደራርቦ የሚያድረው።

ጉልበታችን ይህን ያህል ርካሽ ከሆነ ፋብሪካዎቹ ለምን ወደ ድሬዳዋ አልጎረፉም?

በስልክ ዋጋ ውስጥ የመገጣጠሚያ ጉልበት ድርሻ ሰዎች ከሚገምቱት እጅግ ያነሰ ስለሆነ ነው። በ2010 የወጣውን አይፎን 4 የመረመሩ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በቻይና ለጉልበት የተከፈለው ከመሸጫ ዋጋው 1.8 በመቶ ብቻ ሆኖ፣ የስልኩ ባለቤት የአፕል ትርፍ ግን 58.5 በመቶ ሆኖ አግኝተውታል። ከ1.8 በመቶ ውስጥ ግማሹን ቢቆጥብ ኩባንያው ስንት ያተርፋል? ቦርዱ በአንድ ቀን መዘግየት፣ መብራት በአንድ ሰዓት መጥፋት ከዚያ የበለጠ ያሳጣዋል።

ድሬዳዋ መልካም ነገር የላትም ማለት አይደለም። ከተማዋን በ1902 የቆረቆራት ባቡር ነው፤ አዲሱም መስመር ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ ነው፤ የጅቡቲ ወደብ ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙ አይርቅም፤ በነሐሴ 2022 የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና የተከፈተውም እዚሁ ነው። የጎደለው በዙሪያው ያለው ሰንሰለት ነው። የሸንዘን ፋብሪካ ብሎን፣ ስክሪን ወይም ኮኔክተር ቢያጥረው ከከተማው ሳይወጣ በዕለቱ ያገኛል፤ እኛ ጋ ያው ዕቃ በባሕር ሳምንታት ተጉዞ፣ የውጭ ምንዛሪ ተጠይቆለት ነው የሚደርሰው። በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ መገጣጠም የጀመረው የቴክኖ ስልክ ባለቤት ኩባንያም ክፍሎቹን ከውጭ እያስመጣ ነው። በዚህ ምክንያት ርካሽ ጉልበትን እንደ ዋና ጥሪ የሚያሰማ ሰው የተሳሳተ በር እያንኳኳ ይመስለኛል፤ የማይቋረጥ መብራት፣ ፈጣን ጉምሩክና ማሽን የሚጠግን ቴክኒሻን ከርካሽ ጉልበት በላይ ይስባሉ፤ ቴክኒሻኑ ደግሞ የተሻለ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው።

ማሽን እየበዛ ሲሄድ ደመወዝ ይወርዳል?

የመስመር ሠራተኛው ቁጥር ይቀንሳል፤ የሚቀሩት ግን ማሽኑን የሚያስተካክሉት ስለሆኑ የሚከፈላቸው ይጨምራል። በቦርድ መስመር ይህ ከሆነ ቆይቷል። በመጨረሻው መገጣጠም ቀጭን ኬብል ማጠፍና ስክሪን መግጠም ዛሬም የሰው ጣት ይፈልጋል።

ማሌዥያ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ አስቀጥርሃለሁ የሚል ደላላ አለ፤ ልሂድ?

ጠያቂው ለደላላው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ይቁም። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት በማሌዥያ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች ካነጋገራቸው የውጭ አገር ሠራተኞች 28 በመቶው በግዳጅ ሥራ ሁኔታ ውስጥ እንደነበሩ አግኝቷል፤ ዋናው ማሠሪያ ለደላላ የተከፈለው ዕዳና የተያዘው ፓስፖርት ነበር። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ ሠራተኛ ለመቀጠር ምንም ክፍያ እንዳይጠየቅ ያዛል። የእኛም የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ ሠራተኛ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር መሆኑን፣ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬትም በአሠሪው መሸፈኑን ይደነግጋል።

አንድ ተማሪዬ ዘመዶቹ አዋጥተው ለደላላ ሊከፍሉለት ሲሉ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ሂሳቡን አብረን ሠራን፤ ቃል የተገባለትን ደመወዝ ወስደን፣ ምግቡንና መኝታውን ቀንሰን፣ ዕዳውን ለወራት አካፈልነው። ከአንድ ዓመት በላይ ለደላላው ብቻ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ለእናቱ ሊያሳያት ሄደ።

ፋብሪካ ኦፕሬተር ሆኜ ልጀምር ወይስ «ከፊራ» ገበያ አጠገብ የስልክ ጥገና ልክፈት?

ይህ ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ነው። የጥገና ቤት ገቢ በደህና ቀን ከኦፕሬተር ደመወዝ ይበልጣል፤ ግን ጡረታ፣ የዓመት ፈቃድና የሕመም ፈቃድ የለውም፤ የኪራዩም ቀን አይቀርም። የፋብሪካ መነሻ ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ በሌሎች አገሮች እንዳየነው፣ ከመገጣጠም ወንበር ወደ ፍተሻ፣ ከፍተሻ ወደ ማሽን ጥገና የተሻገረ ሰው ደመወዙ ይለወጣል፤ ወንበሩ ላይ የቀረ ግን የዋጋ ንረቱ ደመወዙን ይበላበታል።

ስለዚህ ለቅጥር የሚቀርብ ወጣት አንድ ጥያቄ እንዲያነሣ እመክራለሁ፦ «ማሽን የሚያስተካክሉት ቴክኒሻኖች ከየት ነው የሚመጡት?» መልሱ «ከራሳችን ኦፕሬተሮች አሠልጥነን ነው» ከሆነ፣ የመነሻው ጥቂት መቶ ብር ማነሱ ሊታለፍ ይችላል። «ከውጭ አገር እናስመጣለን» ከሆነ ደግሞ፣ ሶልደሪንግ አይረኑንና መልቲሜትሩን ይዞ ከአጎቱ ሱቅ በረንዳ ላይ ቢጀምር አልከለክለውም።